እምቢ ይበሉኝ

በሩን ሳልከፍት ነው ሽታው የደረሰኝ። ካምፎርና ሜንቶል የተበጠበጡበት፣ አፍንጫ ሰንፍጦ ዓይን የሚያስለቅስ የመታሻ ቅባት ሽታ። ስከፍት ጎረቤቴ አዴ አያንቱ የወተት ጆጋቸውን በሁለት ክንዳቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። አዴ አያንቱ እዚህ ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ ተድረው የመጡ፣ ዛሬም በተረፈቻቸው ቁራጭ መሬት ላይ ሁለት ላሞች እያለቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ከትኩስ ወተትና ከእበት በቀር ሌላ ነገር ሸተውኝ አያውቁም፤ ሁለቱንም ሽታ እወዳቸዋለሁ። ይኼኛው ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ የምጠላው ሽታ ነው። ጡረታ ስወጣ የተገላገልኩት መስሎኝ ነበር።

«ማነው ይኼን የቀባዎት?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አይባልም እንዴ፣ ሲስተር?» አሉኝ እየሳቁ። ነጭ ገዋን ለብሳ የታየች ሴት ሁሉ ለዚህ ሰፈር ሲስተር ናት። ነርስ አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሥራዬ ጡንቻና መገጣጠሚያ ነው እያልኩ ሳስረዳ ኖሬ ሲደክመኝ ትቼዋለሁ። «ቡራዩ ያለው ልጅ ነው የቀባኝ። በየሳምንቱ ያየኛል። እጄ ሰነፈ እኮ። ጆግ አልይዝ አለ፣ ጡት አልጨብጥ አለ። ላሟ ራሷ ታዝባኛለች።»

ጆጉን ተቀበልኳቸው። ሽታው እጄ ላይ ቀረና በሳሙና ባጥበው፣ በሎሚ ባሸው አልለቅ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከኔው ጋር ዋለ።

ሰው ወጣትነቱን ሲያስታውስ አበባና ዝናብ ይሸተዋል ይላሉ። እኔን የሚሸተኝ ይኼ ነው። የተማርንበት ቤት ዝናብ ሲመጣ የመምህሩ ድምፅ የማይሰማበት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነበር። በአንዱ ጫፍ የመታሻው ክፍል፣ በሌላው ጫፍ የአናቶሚው ክፍል፤ ከወዲህ ካምፎሩ፣ ከወዲያ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን እየወጡ መተላለፊያው ላይ ይገናኛሉ። ሽታው ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ ገዋን ውስጥ ይገባል፣ ቤት ድረስ ተከትሎን መጥቶ ሽሮው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት ሥጋ ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኝ ነበር። እናቴ ከልቤ የምጾም መስሏት ስትመርቀኝ ምርቃቱን ዝም ብዬ እቀበላለሁ። ከክፍል ስንወጣ የምንገባባት ሻይ ቤት መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ፣ ኪሳችን ሞላ ያለ ቀን ደግሞ ፓስታ በሽልንግ። ወንዶቹ አስፋልት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ማበጠሪያቸውን አፍሯቸው ላይ ሰክተው ይገባሉ። እኛ ከጉልበት በላይ የቀረ ቀሚስ፣ ታኮ ጫማ፣ ከላይ በስታርች እንደ ካርቶን የደረቀ ገዋን። ጡንቻዎቹ ከየት ተነስተው የት እንደሚያያዙ ለማጥናት አንዳችን የሌላችን ክንድና አንገት ላይ በእስክሪፕቶ እንስል ስለነበር ግማሻችን አንገታችን ላይ ሰማያዊ መስመር ይዘን ነው ሻይ የምንጠጣው። ባለ ሻይ ቤቷ ምን ዓይነት ንቅሳት እንደሆነ ጠይቃን ሬሳ የምንነካ ተማሪዎች መሆናችንን ስትሰማ ብርጭቆዎቻችንን ለይታ ማጠብ ጀመረች። ከማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት በድምፅ ማጉያ የሚለቀውን የፍቅር ዘፈን ዜማ ይዘን፣ በግጥሙ ፋንታ የክንድ ጡንቻዎችን ስም እየከተትን እንዘፍን ነበር። ዛሬም ዜማውን ታክሲ ውስጥ ስሰማ የሚመጣልኝ የወደድኩት ወንድ አይደለም፤ ቢሴፕስና ትራይሴፕስ ናቸው።

የጡንቻ ምርመራ ያስተማሩን ጋሽ ታደለ የሚባሉ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ካምፎሩ ከቆዳቸው ጋር ተዋህዶ ከመግባታቸው በፊት መምጣታቸውን እናውቅ ነበር። ምርመራው ሲያዩት ቀላል ነው። በሽተኛው ክንዱን ወደ ጎን እስከ ትከሻው ያነሳል፤ መርማሪው ከክርኑ ከፍ ብሎ እጁን አሳርፎ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይገፋል፤ በሽተኛው አይለቅም። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ዜሮ፣ ክንዱን አንስቶ ግፊት ሲመጣበት የሚለቅ ሦስት፣ የፈለጉትን ያህል ቢገፉት የማይበገር አምስት። ሰው ሁሉ የሚማረው ይኼንን ነው፤ ፈረንጅም እኛም። ጋሽ ታደለ ያስተማሩን ግን አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን የተማርነው ሱሉልታ ነው።

በዚያን ጊዜ ሱሉልታ መሄድ ማለት እንጦጦን በሚያቃስት አውቶቡስ ተሻግሮ፣ ጠዋት ውርጭ ላይ መውረድ ነው። ዛሬ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃና ግማሽ የቀረ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሜዳ ያን ጊዜ ሣር ብቻ ነበር፤ የድርቆሽ ክምር፣ ወተት የጫነ አህያ፣ አድማሱ ድረስ ሣር። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ ለመለማመጃ ከመጡልን ገበሬዎች አንዱ ኦቦ ቱፋ ነበሩ፤ ወገባቸውን አሟቸው የመጡ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሽማግሌ። ጠዋት አንድ ሸክም ድርቆሽ ወርውረው አህያ ላይ ሲጭኑ ሁላችንም አይተናል። ዘውዱ የሚባል፣ ከሩቅ አገር የመጣና ኦሮምኛ የማያውቅ ጓደኛችን ክንዳቸውን አስነስቶ ገፋ ሲያደርገው ዝርግፍ ብሎ ወደቀ። ግራውንም ገፋ፤ ወደቀ። ዘውዱ ኮስተር ብሎ «ሦስት» ሲል ጋሽ ታደለ አንድ ነገር የበሰበሰ ያህል ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ድጋሚ ፈትናቸው። ‹ዲዳ› በላቸው መጀመሪያ» አሉት።

ዲዳ በኦሮምኛ፣ ለሚከበር ሰው ሲሆን፣ እምቢ ይበሉ ማለት ነው። ዘውዱ ግን የሚያውቀው የአማርኛውን ዲዳ ብቻ ነበርና ሽማግሌው መናገር የማይችሉ መሆናቸውን የተነገረው መሰለው። በጣም አዘነ። ከዚያም ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሮ በምልክት ያናግራቸው ጀመር፤ ክንዱን ያነሳል፣ ወደ ራሱ ይጠቁማል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ኦቦ ቱፋ ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት አዩትና ጥርት ባለ አማርኛ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ጥርስህን ነው?» አሉት። የሳቅነው ሳቅ እስከ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚሰማ ነበር። ጋሽ ታደለ ብቻ አልሳቁም። ክንድዎን ለምን ለቀቁለት ብለው ሽማግሌውን ጠየቋቸው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ልጁ እንግዳ ነው፣ የመንግሥት ልብስ ለብሷል። ዝቅ ሲያደርገኝ ዝቅ አልኩለት። ልታገለው እንዴ?»

እምቢ ይበሉት ተብለው ሲፈቀድላቸው ክንዳቸው የግድግዳ ወጋግራ ሆነ። ዘውዱ እግሩ ከመሬት ሊለቅ እስኪደርስ ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ የለም። ያን ዕለት ጋሽ ታደለ ያሉንን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «በዚህ አገር ክንድ የሚወድቀው በሁለት ነገር ነው፣ በበሽታና በይሉኝታ። ሳትለዩ ቁጥር የምትጽፉ ከሆነ ሂዱና በረኛ ሁኑ።» ስለዚህ ግፉኝ ወይም ያዙ ማለት ተከለከለብን። ክንድ ከመንካታችን በፊት እምቢ ይበሉኝ እንላለን። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን ዓመት ከዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። በኋላ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ግን ሰው መንካት የሚያስጠላቸው ሆኑ። በሽተኛውን ከበር ላይ አይተው ለጡንቻው ሁሉ አምስት፣ አምስት፣ አምስት ይጽፋሉ፣ ከዚያ ስልካቸውን ያወጣሉ። ሽታውም አይነካቸው፣ ላቡም አይነካቸው። ጡረታ ስወጣ አልቆጨኝም ማለት እችላለሁ።

ያ ቅባት ሸቶኝ በዋለ ማግስት አዴ አያንቱን ወተት ሲያመጡ ቡና አቅርቤ አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። ቡራዩ ያለው ልጅ የሚያደርገውን ነገሩኝ። ክንዳቸውን ወደ ጎን ያስነሳቸዋል፤ ይገፋዋል፤ ይወድቃል። ከዚያ በሌላኛው እጃቸው አንድ ጠርሙስ እንክብል ያስይዛቸዋል፤ አሁን ሲገፋው ክንዱ አይወድቅም። ሰውነትዎ ይህን መድኃኒት ጠይቋል ማለት ነው ይላቸዋል። ይሸጥላቸዋል፣ ቀብቶ ይልካቸዋል፣ በሳምንቱ ሌላ ጠርሙስ። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። ከጠርሙሱ በፊት የእጅ አንጓ ጋ ይገፋሉ፤ ከዚያ ጋ የቱንም ክንድ ማውረድ ቀላል ነው። ከጠርሙሱ በኋላ ክርን ጋ በአንድ ጣት ጫን ያደርጋሉ። ያረጀ የገበያ ማጭበርበር ነው። የኛ ሰው ደግሞ ገዋን ካየ ገና ሳይነካ ዝቅ ይላል። የኔን ሙያ፣ የጋሽ ታደለን ምርመራ፣ ለጠርሙስ መሸጫ አድርገውታል።

«ይምጡ፣ እኔ ልይዎት» አልኳቸው።

«አይሆንም፣ ሲስተር። ልጁ ቢሰማ ቅር ይለዋል። እማዬ እያለ ነው የሚጠራኝ።» ነጠላቸውን ወደ እጃቸው ሰበሰቡ። «ከፈለግሽ አብረሽኝ ነይ። እሱን ካየሽው ትወጂዋለሽ።»

ሄድኩ። ልጁን ለማዋረድ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። ታክሲ እየቀያየርን፣ በአቧራና በጡሩምባ ውስጥ፣ አንዱ ባጃጅ ሌላውን ሲሳደብ እየሰማን ቡራዩ ደረስን። በዚህ መንገድ ስንቴ በእግራችን ወደ ገፈርሳ ሄደን፣ ውሃው ዳር ተቀምጠን የአጥንት ስም ስንጠያየቅ ውለናል። ዛሬ መንገዱን ዳርና ዳር የያዘው ብሎኬት፣ የቁርጥ ቤትና የሞባይል ጥገና ነው። ቤቱ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከደረጃው ጀምሮ ካምፎር። አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተደርድረዋል፣ ከተጂ የመጡ፣ ከገላን የመጡ፣ ሁሉም የተቀቡ፣ ሁሉም ጠርሙሳቸውን በፌስታል የያዙ። ግድግዳው ላይ እኔ ያስተማርኩበት ዓይነት የጡንቻ ሥዕል ተለጥፏል፤ የትከሻው ጡንቻ ላይ፣ የክንድ መድከም ከጉበት ነው ለማለት፣ የጉበት ሥዕል ለጥፈውበታል። በሩ ሲከፈት የወጣው ልጅ ገዋኑ ላይ ስሙ በወርቃማ ክር ተጠልፏል። አቤል። ተማሪዬ ነበር። ከነዚያ ሰው መንካት ከሚያስጠላቸው አልነበረም፤ ጥሩ እጅ ነበረው። ይህ ነው የበለጠ ያስጠላኝ።

«ቲቸር፣ አላምንም» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን እየሳመ። «እማዬን ይዘሽ ነው የመጣሽው? ታይተሽ ሂጂ አንቺም። ሲስተሙ አሪፍ ሆኗል፣ እኛ የተማርነው ድሮ ቀረ።»

«መጀመሪያ እሳቸውን ፈትናቸው» አልኩት። «እኔ ባስተማርኩህ ቦታ ይዘህ። ያለ ጠርሙስ።»

ትንሽ ፈገግ አለ፣ እንደ ተለመደ የአሮጊት ጠባይ ቆጥሮት መሰለኝ። አዴ አያንቱ ከነነጠላቸው ቆመው ቀኝ ክንዳቸውን አነሱ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «አዴ አያንቱ፣ ዲዳ። ልጅዎ አይደለም። ላምዎን ሊነዳ የመጣ ሌባ ነው፣ እምቢ ይበሉት» አልኳቸው። ገባቸው። እግራቸውን አንፈራጠጡ፣ ዓይናቸው ተለወጠ። አሁን ክንዳቸው ሲገተርበት ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተከፈተው በር እንደሚያዩት እያሰብኩ ደስ አለኝ።

አቤል ከክርናቸው ከፍ ብሎ ያዘ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ያስተማርኩት ቦታ ላይ። ገፋ። ክንዳቸው ወደቀ።

«ይኸው፣ ቲቸር» አለ።

«ይድገሙት» አልኳቸው። ደገሙት። ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ እኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የአንገታቸው ጅማት ተገትሯል፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል። እምቢ ብለዋል። ባላቸው አቅም ሁሉ እምቢ ብለዋል፤ ክንዳቸው ነው እሺ ያለው።

ነጠላቸውን ሳላስፈቅድ ገለጥኩት። ክብ መሆን የሚገባው የትከሻቸው ሥጋ ሟሙቶ አጥንቱ ወጥቷል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዶ ጥላ ይዟል። ጣትዎን ይዘርጉ ብዬ በሁለት ጣቴ ስጫናቸው ያለ ምንም ትግል ተከደኑ። አስቀምጬ ከጉልበታቸው በታች በእጄ ጠርዝ መታ ሳደርግ እግራቸው ከልክ በላይ ተፈናጠረ፤ ይህ ከእጅ አይመጣም፣ ከድካምም አይመጣም፤ አንገት ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር ሲታነቅ የሚመጣ ነው። በቀናት ውስጥ ካልተደረሰለት እግርንም ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። መሰናከል ጀምረዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከበረት ሲወጡ ሁለት ጊዜ መውደቃቸውን ነገሩኝ፣ እያፈሩ።

«ይህን ክንድ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትገፋው?» አልኩት አቤልን።

«ከክረምት ጀምሮ። በየሳምንቱ።»

«በየሳምንቱ ይወድቅ ነበር?»

«አዎ» አለ። ከዚያ፣ እኔን ለማረጋጋት ይሁን ራሱን፣ «ቲቸር፣ እዚህ የሁሉም ይወድቃል እኮ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ እጁን አየሁት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ እጅ። ያ እጅ ስንት ሳምንት ሙሉ እየሞተ ያለ ጡንቻ ይዞ፣ ሲሳሳ እየዳሰሰ፣ ምንም አልተሰማውም፤ እንዲሰማው አይፈልግማ፤ የሁሉንም ስለሚጥል የወደቀውን ከተጣለው የሚለይበት ምንም ነገር አላስቀረም። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፤ አዴ አያንቱ ቀሚሴን በግራ እጃቸው ጎተት አድርገው «ልጁን ሰው ፊት አታሳፍሪው፣ ሲስተር» አሉኝ። ይዣቸው ወጣሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ ግድግዳውን ተደግፌ አስመለሰኝ። በዕድሜዬ፣ መንገድ ዳር፣ ባጃጅ ነጂዎች እያዩኝ።

ከዚያው፣ ቤት ሳልመለስ፣ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ረጅም ወረፋ፣ የሰው ግፊያ፣ የሽንት ቤት ሽታ፣ ይህንንም መቻል ነበረብኝ። በመጨረሻ ያያቸው ገና ጺሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ሲያዛጋ የነበረ ሐኪም ነው። ክንድዎን ያንሱ አላቸው፤ ገፋ፤ ወደቀ። ማዛጋቱን አቆመ። ወደ ሌላኛው ዞረ፣ ወደ ጣቶቻቸው፣ ወደ እግራቸው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳና አለቃውን ሊጠራ ሲሮጥ ስቴቶስኮፑ ወደቀበት፤ ሳያነሳው ሄደ። በዚያው ሳምንት አንገታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቀዶ ሐኪሙ እውነቱን ነገረን፤ እግራቸውን ለማትረፍ ደርሰናል፣ እጃቸው ግን ክረምት ላይ ቢመጡ ነበር።

አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። ጠዋት በራሳቸው እግር ደጄ ይመጣሉ፤ ወተቱን የምትይዘው ምራታቸው ናት። አንዷ ላም ተሽጣለች፤ የቀረችውን የምታልባት ምራቲቱ ናት፣ አዴ አያንቱ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንዲህ አይደለም እንዲያ እያሉ ይቆጧታል። ስለ አቤል ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እንደውም ባለፈው ሰሞን ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ «ሳልነግረው ቀረሁበት እኮ፣ ቅር ብሎት ይሆን?» አሉኝ። ለእርጅናዬ የማይመጥን ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፣ ሲስተር» አሉ። «ያም ልጅ ክንድዎን ያንሱ አለኝ፣ ገፋኝ፣ ወደቀ። የሆስፒታሉም ልጅ ያንሱ አለኝ፣ ገፋኝ፣ ወደቀ። ሁለቱም ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ገዋን ለብሰዋል። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?»

«የሆስፒታሉ ደነገጠ፣ አዴ አያንቱ» አልኳቸው።